የተጎታች ቤቶች ፍሬን ታሪክ፤ ስለ መሣሪያ ምርጫ የቀረበ ጥናት

መግቢያ

አንድ ተሽከርካሪ ሌላውን ተሽከርካሪ በሚጎትትበት ጊዜ ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። አንደኛው፥ ከኋላ ያለው እንዴት ይጎተታል? የሚል ነው። ሁለተኛው፥ እንዴት ይቆማል? የሚል ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ የሞተር ኃይል መልስ ይሰጣል። ሁለተኛው ግን መልስ ያገኘው ዘግይቶ፥ ያውም ብዙ ሕይወት ከጠፋ በኋላ ነው። በዚህ አጭር ጥናት ልንመረምረው የተነሣነው ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ነው፤ ምሳሌ አድርገን የመረጥነውም አሜሪካውያንና አውሮፓውያን ለጉዞና ለዕረፍት በመኪናቸው የሚጎትቱትን ባለ መንኰራኵር ቤት፥ ማለት ተጎታች ቤትን ነው።

ይህ ዓይነቱ ቤት በአገራችን እምብዛም የማይታይ ሲሆን ስለምን እንደ መረጥነው አንባቢ ይጠይቅ ይሆናል። ምክንያታችን ሁለት ነው። ተጎታች ቤትና የካሚዮን ተሳቢ በአገልግሎታቸው ቢለያዩም በቁልቁለት ላይ የሚገዛቸው ሕግ አንድ ስለ ሆነ፥ የአንዱ ታሪክ ለሌላው ትምህርት ይሆናል። ሁለተኛም፥ ከ1959 እስከ 1960 41 ተጎታች ቤቶች ከኬፕ ታውን ተነሥተው ወደ ካይሮ ሲጓዙ የኢትዮጵያን ምድር አቋርጠዋል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

የጥናታችን ሐሳብ በአጭሩ የሚከተለው ነው። የተጎታች ቤት ባለቤቶች በየዘመኑ አስቀድመው የገዙት ምቾትን ነው፤ ምቾት ግን ክብደት ነው፤ ክብደትም በፍሬን የሚከፈል ዕዳ ነው። መልካም ፍሬን የሚባለውም እጅግ ኃይለኛ የሆነው ብቻ ሳይሆን፥ ማያያዣው በተበጠሰ ጊዜ ጭምር ሥራውን የማይተወው ነው።

ከሠረገላ እስከ ባቡር

ተጎታች ቤት አዲስ ነገር አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት ወደ ምዕራብ አሜሪካ የተሰደዱት ሰዎች ቤታቸው ሸራ የለበሰው ሠረገላቸው ነበር። እነዚህ ሰዎች በኦሪገን መንገድ ሲጓዙ በዛሬው ኔብራስካ ግዛት ውስጥ ዊንድላስ ከሚባለው ኮረብታ በደረሱ ጊዜ፥ ሠረገላው በሬዎቹን ገፍቶ እንዳይጥላቸው መንኰራኵሮቹን በሰንሰለት ያስሩ ነበር። ከኋላ ደግሞ ሰዎች በገመድ እየያዙ ቀስ በቀስ ያወርዱት ነበር። ይህም የጥያቄያችን የመጀመሪያ መልክ ነው፤ ዳገቱን የሚያወጣው የበሬ ጉልበት ቁልቁለቱን ሊያወርድ አልቻለምና።

ለዚህ ጥያቄ ጥልቅ የሆነ መልስ የተገኘው በባቡር ሐዲድ ላይ ነው። ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ በ1869 በታመቀ አየር የሚሠራ የባቡር ፍሬን አቀረበ። በዚህ በመጀመሪያው ሥራ አየሩ ከሎኮሞቲቩ በቧንቧ እየሄደ የየፉርጎውን ፍሬን ይገፋ ነበር። ነገር ግን ቧንቧው በተቈረጠ ጊዜ አየሩ ስለሚያመልጥ ፍሬን የሚባል ነገር አይኖርም። ዌስቲንግሃውስ ይህን ተመልክቶ በ1872 አሠራሩን ገለበጠው። በእያንዳንዱ ፉርጎ ላይ የአየር ማጠራቀሚያ አኖረ፤ በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ፍሬኑን የሚለቅ፥ የግፊቱ መቀነስ ደግሞ ፍሬኑን የሚይዝ እንዲሆን አደረገ። ከዚያ ወዲያ ባቡሩ ለሁለት ቢበጠስ ሁለቱም ወገኖች በራሳቸው ይቆማሉ።

የዚህን ልዩነት ዋጋ የአየርላንድ ሕዝብ በ12 ጁን 1889 በአርማ ከተማ አጠገብ በመራራ መንገድ ተማረው። ብዙ ሕፃናትን ለሽርሽር የያዘ ባቡር ዳገት ላይ ጉልበት አጥሮት ቆመ። ሠራተኞቹም ባቡሩን ለሁለት ከፍለው የፊተኛውን ወገን አስቀድመው ለመውሰድ ወሰኑ። በኋላ የቀሩትን ፉርጎዎች የያዛቸው አንድ የእጅ ፍሬንና ከመንኰራኵር ሥር የተደገፈ ድንጋይ ብቻ ነበር፤ ባቡሩ የነበረው ፍሬን ከሎኮሞቲቩ በተለየ ጊዜ ሥራውን የሚተው ዓይነት ነበርና። የፊተኛው ወገን ለመነሣት ሲል ጥቂት ወደ ኋላ ቢገፋቸው ድንጋዩ ተፈረከሰ፤ ፉርጎዎቹም ቁልቁል ሮጠው ከሚከተለው ባቡር ጋር ተጋጩ። በዚህ አደጋ 80 ያህል ሰዎች ሞቱ። የብሪታንያ ምክር ቤት በዚያው ዓመት ባወጣው ሕግ ማንኛውም የመንገደኛ ባቡር ማያያዣው ሲበጠስ በራሱ የሚይዝ ፍሬን እንዲኖረው አስገደደ። በአሜሪካም ተመሳሳይ ዓላማ ያለው የባቡር ደኅንነት ሕግ በ1893 ወጣ።

ይህን የባቡር ታሪክ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከኋላ የሚጎተት ነገር የራሱ ፍሬን እንዲኖረው፥ ያም ፍሬን ማያያዣው ሲበጠስ እንዲይዝ ያስፈልጋል የሚለው ፍርድ የተሰጠው ተጎታች ቤት በመንገድ ላይ ከመታየቱ አስቀድሞ ነበር። ሆኖም የተጎታች ቤት ሠሪዎችና ባለቤቶች ይህንኑ ትምህርት እንደ ገና ከመጀመሪያው መማር ግድ ሆነባቸው።

ቤት በመኪና ሲጎተት

በአሜሪካ የተጎታች ቤት ሥራ እውነተኛ ኢንዱስትሪ የሆነው በ1930ዎቹ ዓመታት ነው። በዲትሮይት አርተር ሸርማን ያቋቋመው ኩባንያ የጥንቱን ሠረገላ ስም ወስዶ በዘመኑ ከነበሩት ሁሉ ብዙ ቤቶችን ይሠራ ነበር። በካሊፎርኒያ ደግሞ ዋሊ ባያም የኤርስትሪም ኩባንያን መሠረተ፤ በ1936ም ክሊፐር የተባለውን ከአሉሚኒየም የተሠራ ቤት በ1,200 ዶላር ለገበያ አቀረበ። ክሊፐር አራት ሰዎች የሚተኙበት፥ የራሱን ውሃ የሚይዝ፥ ኩሽናና የኤሌክትሪክ መብራት ያለው ነበር።

የአሉሚኒየም ምርጫ በራሱ ትምህርት አለው፤ ቤቱ በቀለለ መጠን ለመጎተትም ለማቆምም ይቀላልና። ይሁን እንጂ በሠሪው የቀነሰውን ክብደት ባለቤቱ መልሶ ይጭነዋል። 100 ሊትር ውሃ 100 ኪሎ ግራም ነው። በዚያ ላይ የጋዝ ሲሊንደር፥ ማቀዝቀዣ፥ ባትሪ፥ ልብስና ዕቃ ሲጨመር፥ ከፋብሪካ ሲወጣ በአንድ ሚዛን የነበረው ቤት በመንገድ ላይ በሌላ ሚዛን ይገኛል። የፍሬኑ መጠን ግን እንደ ወጣ ነው።

ሁለተኛው ለውጥ ፍጥነት ነው። በ1956 የአሜሪካ መንግሥት የግዛቶቹን አውራ ጎዳናዎች የሚያገናኝ ሰፊ የመንገድ ሥራ በሕግ ካጸደቀ በኋላ መኪናዎች ተጎታች ቤት እየጎተቱ በፍጥነት መሮጥ ለመዱ። በሳይንስ እንደሚታወቀው የሚሮጥ ነገር ጉልበት የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ ነው። ስለዚህ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የነበረ ቤት 90 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ፍጥነቱ በግማሽ ሲጨምር ፍሬኑ ሊያጠፋው የሚገባው ጉልበት 2.25 እጥፍ ይሆናል። ይህን ስሌት ብዙ ገዢዎች አያውቁትም፤ የፍሬን ሸራቸው ግን ያውቀዋል።

የኤሌክትሪክ ፍሬንና የግፊት ፍሬን

በዚህ ዘመን ለተጎታች ቤት የሚሆን ፍሬን ለመምረጥ አሜሪካና አውሮፓ ሁለት የተለያዩ መንገዶችን ያዙ።

የአሜሪካ መንገድ ኤሌክትሪክ ነው። አስቀድሞ በፍጥነት መለኪያ መሣሪያ ሥራው የታወቀው አርተር ዋርነር በ1927 በዊስኮንሲን ግዛት በቢሎይት ከተማ የኤሌክትሪክ ፍሬን የሚሠራ ኩባንያ አቋቋመ። የዚህ ፍሬን አሠራር ቀላልና ብልኀት ያለበት ነው። በእያንዳንዱ ታምቡር ውስጥ ማግኔት አለ፤ ከመኪናው ባትሪ ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ማግኔቱ በሚሽከረከረው ታምቡር ላይ ይጣበቃል። ታምቡሩም ይዞት ሊሄድ ሲል ማግኔቱ ያለበትን ዘንግ ይገፋዋል፤ ዘንጉ ሸራ የለበሱትን የፍሬን ጫማዎች ከፍቶ ከታምቡሩ ጋር ያያይዛቸዋል። እንግዲህ ኤሌክትሪኩ ትእዛዝ ሰጪ ሲሆን፥ የሚበዛውን ጉልበት የሚሰጠው ራሱ መንኰራኵሩ ነው።

የአውሮፓ መንገድ የግፊት ፍሬን ነው። መኪናው ፍጥነቱን ሲቀንስ ከኋላ ያለው ቤት ወደ ፊት ይገፋል፤ ይህ ግፊት በማያያዣው ላይ ያለውን ተንሸራታች ዘንግ ወደ ኋላ ይገፋና በሽቦ ገመድ አማካይነት ፍሬኑን ይስባል። ሽቦም ባትሪም ተቈጣጣሪ መሣሪያም አያሻውም። በአውሮፓ እስከ 3,500 ኪሎ ግራም ለሚደርሱ ተጎታቾች የተፈቀደ ነው፤ ከ750 ኪሎ ግራም የማይበልጡት ደግሞ ያለ ፍሬን ሊጎተቱ ይችላሉ።

ከሁለቱ የቱ ይሻላል? እኛ እንደ መረመርነው እያንዳንዱ የተወለደበትን አገር ሁኔታ ይመስላል። የግፊት ፍሬን ለቀላል ቤትና ለትንሽ መኪና ምቹ ነው፤ በየትኛውም መኪና ላይ ያለ ተጨማሪ ሥራ ይያያዛል። ነገር ግን ሦስት ጕድለቶች አሉት። አንደኛ፥ ረዥም ቁልቁለት ላይ መኪናው በሞተር ፍሬን ሲወርድ ቤቱ ያለ ማቋረጥ ስለሚገፋው ፍሬኑ ሳያርፍ ይሞቃል። ሁለተኛ፥ መኪናው ወደ ኋላ ሲሄድ ግፊት ስለሚፈጠር ፍሬኑ ሳይፈለግ ይይዛል፤ ይህ ጕድለት ወደ ኋላ ሲኬድ ራሱን በሚለቅ ፍሬን የተቃና ሲሆን፥ በብሪታንያ ከአፕሪል 1989 ወዲህ ለሚሠሩ ተጎታቾች ግዴታ ሆኗል። ሦስተኛ፥ ሾፌሩ የቤቱን ፍሬን ለብቻው ሊይዝ አይችልም።

ይህ ሦስተኛው ነጥብ ከሁሉ ይከብዳል። ተጎታች ቤት በነፋስ ወይም በፍጥነት ምክንያት ወደ ግራና ወደ ቀኝ መወዛወዝ ሲጀምር፥ የመኪናውን ፍሬን መርገጥ ብዙ ጊዜ መወዛወዙን ያባብሰዋል። የቤቱን ፍሬን ለብቻው ቀስ ብሎ መያዝ ግን ከኋላ እንደ መጎተት ሆኖ ሁለቱን ወደ ቀጥታ መስመር ይመልሳቸዋል። የኤሌክትሪክ ፍሬን ተቈጣጣሪ በሾፌሩ እጅ አጠገብ ያለች አንዲት መያዣ ስላለችው ይህን ለማድረግ ያስችላል። ከዚህም የተነሣ ለከባድ ቤትና ለረዥም መንገድ የኤሌክትሪኩን ምርጫ እናደላለን።

ኤሌክትሪኩም ቢሆን ያለ ነቀፋ አይደለም። ማግኔቱ ያልቃል፤ የሽቦው ማገናኛ በዝገትና በጭቃ ይበላሻል፤ የፍሬን ጫማዎቹ በየጊዜው ካልተጠበቁ ከታምቡሩ ይርቃሉ። የቀድሞዎቹ ተቈጣጣሪዎች ደግሞ ከመኪናው የፍሬን ዘይት መስመር ጋር የተያያዙ ስለ ነበሩ የመኪናውን ፍሬን ለአደጋ ያጋልጡ ነበር። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የመኪናዎች ፍሬን በሁለት መስመር መሠራት ሲጀምር ይህ ልማድ እየቀረ ሄዶ፥ ዛሬ የመኪናውን መቀነስ በራሳቸው እየለኩ ኤሌክትሪኩን የሚመጥኑ መሣሪያዎች ተተክተውበታል።

ከኬፕ ታውን እስከ ካይሮ

የመሣሪያ ምርጫ በወረቀት ላይ ሳይሆን በመንገድ ላይ እንደሚፈተን የዋሊ ባያም ጉዞዎች ያስረዳሉ። ባያም በ1951 ወደ ሜክሲኮና ወደ መካከለኛው አሜሪካ ባደረገው የመጀመሪያ የኅብረት ጉዞ 63 ተጎታች ቤቶች ቢነሡ እስከ መጨረሻው የዘለቁት 14 ብቻ ናቸው። ለመዝናኛ ተብሎ የተሠራ ቤት ጠጠርና ጭቃ፥ ዳገትና ጐድጓዳ ሲያጋጥመው ምን እንደሚሰበር የታየው በዚያ ነው። ባያምም እንዲህ ያለውን ጉዞ ለቤቶቹ እንደ መፈተኛ አድርጎ ይመለከተው ነበር።

በ1959 41 ቤቶችና 100 ያህል ሰዎች የያዘው ጉዞ ከደቡብ አፍሪካ ተነሣ። ከኬንያ ወደ ኢትዮጵያ የሚያሻግረው መንገድ በዚያ ዘመን በጠጠርም ያልተስተካከለ፥ በዝናብ ጊዜ ጭቃው የሚውጥ ስለ ነበረ፥ ከጉዞው ክፍሎች ሁሉ አስቸጋሪ ከነበሩት አንዱ ሆነባቸው። አንዱ መኪና ሌላውን እየጎተተ አልፈው አዲስ አበባ ሲደርሱ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተቀብለዋቸዋል፤ በ1960ም ጉዟቸውን በካይሮ ፈጸሙ።

የአገራችን መልክዐ ምድር ለዚህ ዓይነት ተሽከርካሪ የሚያቀርበውን ፈተና በቁጥር ለማሳየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወስደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። 2,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን ቤት 1,000 ሜትር ቢወርድ የሚለቀው ጉልበት 19.6 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው፤ ይህም 58 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ እስከ መፍላት ያደርሳል። ይህ ሁሉ ትኵሳት በጥቂት የብረት ታምቡሮች ላይ ቢያርፍ፥ ታምቡሩ ግሎ ይሰፋል፥ ሸራውም መያዙን ይተዋል፤ ሾፌሩ ፔዳሉን ቢረግጥም የሚመልስለት አያገኝም። ስለዚህ ከፍሬን ምርጫ ጋር ማርሽ ቀንሶ በሞተር መውረድ የግድ አስፈላጊ ነው። በመንገዶቻችን ለብዙ ዓመታት ጭነት ሲያመላልሱ የኖሩት፥ ኤንትሬ የሚባሉትን የፊያት ካሚዮኖች ከነተሳቢያቸው የነዱ ሾፌሮች ይህን ያለ ፊዚክስ መጽሐፍ ያውቁት ነበር፤ ረዳቱም ታኮ ይዞ የሚወርደው በከንቱ አልነበረም። ዳሩ ግን ታኮና ድንጋይ የቆመውን ለመጠበቅ እንጂ የሚሮጠውን ለማቆም እንዳልሆኑ የአርማው አደጋ መስክሯል።

የማሻሻያዎች ቅደም ተከተል

ዛሬ አሮጌ ተጎታች ቤት የሚያድሱ ወይም አዲስ የሚገዙ ሰዎች የሚመርጡት መሣሪያ ብዙ ነው። ከታሪኩ እንደምንረዳው ከሁሉ በፊት የሚመረጠው ሚዛን ነው፤ ቤቱ ውሃና ዕቃ ከተጫነበት በኋላ ሊመዘን ይገባዋል። ቀጥሎ አክሰሉና ጎማው ያን ክብደት የሚችሉ መሆናቸው ይታያል። በአሜሪካ ልማድ 3,500 ፓውንድ ለሚሸከም አክሰል 10 ኢንች ታምቡር፥ ከ5,200 እስከ 7,000 ፓውንድ ለሚሸከም 12 ኢንች ታምቡር ይደረጋል። ትልቅ አክሰል አስገብቶ ትንሹን ፍሬን መተው ወይም ከሁለት አክሰል በአንዱ ላይ ብቻ ፍሬን ማድረግ የሐሰት ቍጠባ ነው።

ሦስተኛው ማያያዣው ነው። የቤቱ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው በማያያዣው ላይ እንዲያርፍ አሜሪካውያን ይመክራሉ፤ ከዚህ ያነሰ እንደ ሆነ ቤቱ ይወዛወዛል። ይህ ክብደት የመኪናውን ኋላ ተጭኖ ፊቱን ሲያቀል የፊት ጎማዎች መሪና ፍሬን ይዳከማሉ። ክብደቱን በብረት ዘንጎች ኃይል ወደ ፊት አክሰል የሚያካፍለው ማያያዣ የተፈለሰፈው በዚህ ምክንያት ስለ ሆነ፥ እርሱን ከፍሬን መሣሪያዎች እንደ አንዱ እንቈጥረዋለን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፥ በችኰላ የተያያዘ ቤትም በመንገድ ላይ ይፈታል።

አራተኛው ቤቱ ከመኪናው ተገንጥሎ ሲሄድ በራሱ የሚይዝ መሣሪያ ነው። በኤሌክትሪክ ፍሬን ላይ ይህ ሥራ የሚፈጸመው በቤቱ ላይ ባለ ባትሪና ሲሳብ በሚነቀል ትንሽ ማብሪያ ነው፤ በግፊት ፍሬን ላይ ደግሞ ቀጭን የሽቦ ገመድ የእጅ ፍሬኑን ስቦ ከያዘ በኋላ ይበጠሳል። በአሜሪካ ለንግድ ለሚጎተቱ ተሽከርካሪዎች የወጣው የፌዴራል ደንብ እንዲህ የተያዘ ፍሬን ቢያንስ 15 ደቂቃ ይዞ እንዲቆይ ያዝዛል። የዌስቲንግሃውስ የ1872 ሐሳብ በትንሽ ሣጥን ውስጥ ገብቶ የምናገኘው እዚህ ላይ ነው። ሆኖም ባትሪው የሞተ እንደ ሆነ መሣሪያው ጌጥ ብቻ ይሆናልና፥ ከጉዞ በፊት መፈተን ይገባዋል።

ከእነዚህ በኋላ ትኵሳትን ከታምቡር ይልቅ ቶሎ የሚያስወጣው የዲስክ ፍሬን፥ በኤሌክትሪክ ትእዛዝ የፍሬን ዘይት የሚገፋ ፓምፕ፥ መወዛወዝን ራሱ አውቆ የሚይዝ መሣሪያ ይመጣሉ። ዋጋቸው ከፍ ያለ ቢሆንም ተራራማ በሆነ አገር ለሚጓዝ ሰው የዲስኩ ፍሬን ዋጋውን ይመልሳል። ማቀዝቀዣውና የሞቀው ውሃ፥ ምንጣፉና የነፋስ መከላከያው ከዚህ ሁሉ በኋላ ሊታሰቡ የሚገባቸው ናቸው፤ በተጨመሩም ቍጥር ቤቱ እንደ ገና ወደ ሚዛን መመለስ አለበት።

ማጠቃለያ

ከዊንድላስ ኮረብታ ሰንሰለት እስከ ዲስክ ፍሬን ያለውን ታሪክ ስንመለከት፥ ዕውቀቱ በአንድ ዘመን ተገኝቶ በሌላው ሲረሳ እናያለን። በ1889 በባቡር ላይ ሕግ የሆነው ነገር በመኪና መንገድ ላይ ለብዙ ዓመታት የባለቤቱ ፈቃድ ሆኖ ኖሯል። ምክንያቱም ምቾት በየቀኑ የሚታይ ሲሆን፥ ፍሬን ዋጋው የሚታወቀው ምናልባት በዕድሜ አንድ ጊዜ ብቻ ስለ ሆነ ነው።

ለእኛ ለተማሪዎች ይህ ርእስ የመዝናኛ ዕቃ ታሪክ ብቻ ሆኖ መታየት የለበትም። ተራራና ገደል በሞላበት አገራችን እህልም ነዳጅም የሚመጣው ከኋላ ተሳቢ በሚጎትት ካሚዮን ነው። ተሳቢው ከመያያዙ በፊት ስንት ይመዝናል? የራሱ ፍሬን ይሠራልን? ማያያዣው ቢበጠስ የሚይዘው ማን ነው? ብሎ መጠየቅ የሾፌሩና የረዳቱ ሥራ ብቻ ሊሆን አይገባም። ዕቃውን የሚያስጭነው ነጋዴም፥ መንገዱን የሚሠራው መሐንዲስም፥ ደንቡን የሚያወጣው ባለሥልጣንም እኩል ሊጠይቁት የሚገባ ነው። የቴክኒክና የታሪክ ተማሪዎች በየጋራዡና በየመናኸሪያው ያለውን የተሳቢ ፍሬን ልማድ፥ የሾፌሮቹንም ቃል እየሰበሰቡ ቢያጠኑት ለሕይወት የሚጠቅም ሥራ እንደሚሆን እናምናለን።